ትኩስ የፖም መጠጥ በካምፓላ የበዓል ማዕድ

በዓል በተቃረበ ቁጥር በየቤቱ አስቀድሞ ከሚታሰብላቸው ነገሮች አንዱ መጠጥ ነው። በኢትዮጵያ ጌሾው ይወቀጣል፤ ብቅሉ ይፈጫል፤ ጠላው ይጠመቃል፤ አቅም ያለውም ጠጅ ይጥላል። በኡጋንዳም፣ በተለይ በቡጋንዳ ምድር፣ ለመጠጥ የሚሆነው የሙዝ ዓይነት ተለይቶ ይበስልና ከሰንበሌጥ መሰል ሣር ጋር ታሽቶ ይጨመቃል። ጣፋጩ ጭማቂ ኦሙቢሲ ይባላል፤ የተቆላ ማሽላ ተጨምሮበት ሲብላላ ደግሞ ቶንቶ የሚባለው የሙዝ ጠላ ይሆናል። እንግዳን አፉን አድርቆ መሸኘት በሁለቱም አገሮች እንደ ነውር ይቆጠራል። ይሁን እንጂ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የሚቀመጡት ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መጠጥ ሊጠጡ አይችሉም። ይህም ችግር ልዩ ልዩ እምነትና ልዩ ልዩ ባህል ያላቸው ሰዎች ተጎራብተው በሚኖሩባቸው ከተሞች ጎልቶ ይታያል። የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ከእነዚህ ከተሞች አንዷ ናት።

ካምፓላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ኮረብታማ ምድር ላይ የተቆረቆረች ናት። ከኮረብታዎቿ አንዳንዶቹ በላያቸው በተሠሩት ቤተ እምነቶች ይታወቃሉ። በናሚሬምቤ የአንግሊካን፣ በሩባጋ የካቶሊክ ካቴድራሎች ሲገኙ፣ በኪቡሊና በአሮጌው ካምፓላ ኮረብታዎች ላይ ደግሞ ታላላቅ መስጊዶች ቆመዋል። ካባላጋላ በተባለው ሰፈር በርካታ የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች ስላሉ፣ የእንጀራና የቡና ሽታ ለአላፊ አግዳሚው እንግዳ አይደለም። ከዚህም የተነሣ የአንዱ በዓል ለሌላው ጎረቤት የመጠያየቂያ ቀን ነው።

ለምሳሌ ያህል ሉጋንዳ ተናጋሪዎች ሴኩኩሉ የሚሉትን የልደት በዓል መመልከት ይቻላል። በዓሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ይውላል። በዚህ ቀን የቤቲቱ እመቤት ቶንቶ ወይም ቢራ ብታቀርብ ሙስሊሙ ጎረቤት አይጠጣም። አድቬንቲስቶችና ከሌሎቹ ፕሮቴስታንቶችም ብዙዎቹ አልኮል አይቀምሱም። ለሕፃናትም መስጠት አይገባም። በካምፓላ የተለመደውን በወተት የፈላ የዝንጅብል ሻይ ብታቀርብ ደግሞ ኢትዮጵያዊው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ይቸገራል። ምክንያቱም የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ተጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ድረስ ስለሚቆይ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን ለእርሱ ገና የጾም ቀን ነው። ስለዚህ የሚቀረው ከፋብሪካ የሚመጣው ለስላሳ መጠጥ ብቻ ይመስላል። እርሱም ቢሆን ስኳር የበዛበት ከመሆኑ በላይ የቤት እጅ ያላረፈበት ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ከሚሆኑት መጠጦች አንዱ በቅመም የሚዘጋጀው ትኩስ የፖም መጠጥ ነው። ይህ መጠጥ ፖም በውኃ ተቀቅሎ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ዝንጅብል ገብቶበት፣ ተጠልሎ በሙቁ የሚቀርብ ነው። አልኮል የለበትም፤ ወተትና ቅቤም አይገባበትም። ለኢትዮጵያውያን አሠራሩ እንግዳ ቢመስልም ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ጠጅ ለማይጠጡ ሰዎች ማር በውኃ ተበጥብጦ ብርዝ ይቀርብላቸዋል። ሻይም በቀረፋና በቅርንፉድ ሲፈላ የኖረ ነው። ስለዚህ የፖሙን መጠጥ በብርዝና በቅመም ሻይ መካከል ያለ ዘመድ አድርጎ መቁጠር ይቻላል። የካምፓላ የአየር ጠባይም ለዚህ ይስማማል። ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ባሉት ወራት በአካባቢው ሁለተኛው የዝናብ ወቅት ስለሚሆን፣ ከዝናብ በኋላ ምሽቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ትኩስ ነገርም ያሰኛል።

የዚህ መጠጥ ሥረ መሠረት ፖም በብዛት የሚበቅልባቸው ቀዝቃዛ አገሮች ናቸው። በእንግሊዝ ምዕራባዊ ክፍል፣ በሶመርሴት አካባቢ፣ ገበሬዎች የፖም ጭማቂ አብላልተው ሳይደር የሚባለውን መጠጥ ይሠራሉ። ከጥንት በወረደ ልማድም በክረምቱ በዓል በቅመም የሞቀ መጠጥ እየተቀባበሉ ይመራረቃሉ፤ ለዛፎቹም መልካም ፍሬ ይመኛሉ። ይህ ሥርዓት በአንዳንድ መንደሮች እስከ ዛሬ ጃንዋሪ 17 ቀን ይከበራል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1752 የቀን አቆጣጠሯን በለወጠች ጊዜ የመንደሩ ሰዎች አሮጌውን ቀን አልተዉም ነበርና። በሰሜን አሜሪካ ግን ሳይደር ሲባል ብዙውን ጊዜ ያልተብላላው ድፍርስ ጭማቂ ማለት ነው። ከዚህ በታች የሚገለጸውም ይኸው ያልተብላላው ዓይነት ነው።

ፖም የቆላ ተክል አይደለም። የዛሬው ፖም ቅድመ አያት የሆነው የዱር ዛፍ የተገኘው በማዕከላዊ እስያ፣ በዛሬዋ ካዛኪስታን ግዛት ባሉት የቲየን ሻን ተራሮች ነው። ከዚያም በንግድ መንገዶች ወደ ምዕራብና ወደ ምሥራቅ ተዛምቷል። ዛፉ ከአበባ በፊት እንቅልፍ መሰል ዕረፍት ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ የፖም ዝርያዎች ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ለበርካታ መቶ ሰዓታት ካልቆዩ በሚገባ አያብቡም። ስለዚህ በካምፓላ ጓሮ ፖም ተክሎ ፍሬ መጠበቅ አያዋጣም። ከካምፓላ በስተ ደቡብ ምዕራብ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በካባሌ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የካባሌ ደጋ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው፣ ጥቂት ቅዝቃዜ የሚበቃቸው እንደ አና ያሉ ዝርያዎች እዚያ ይበቅላሉ። በምድር ወገብ አካባቢ ባሉ ደጋዎች እውነተኛ የበረዶ ክረምት ስለሌለ፣ ገበሬዎች የዛፉን ቅጠል በእጃቸው እየመለመሉ አዲስ እምቡጥ እንዲያወጣ ያደርጉታል። በኢትዮጵያም ለዚህ ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። በጋሞ ደጋ የምትገኘው ጨንቻ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሚሲዮናውያን ባስገቡት ፖም ስሟ የታወቀ ሆኗል። ወደ ካምፓላ ገበያዎች፣ ለምሳሌ ወደ ናካሴሮና ወደ ናካዋ፣ ከሚገባው ፖም ግን ብዙው ከውጭ፣ በተለይም ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣ ነው።

ቅመሞቹም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ቅርንፉድ ያልተከፈተ የአበባ እምቡጥ ሲሆን፣ የትውልድ ስፍራው በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ የሚገኙት የማሉኩ ደሴቶች ናቸው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በዛንዚባር ተተክሎ ደሴቲቱን በዓለም ገበያ ስመ ጥር አደረጋት። ቀረፋ የዛፍ ቅርፊት፣ ዝንጅብል ደግሞ ከመሬት በታች የሚያድግ ግንድ ነው። የቅመሞቹን ስም የሚመረምር ተማሪ የጥንቱን ንግድ ፈለግ ያገኛል። ቅርንፉድ በዐረብኛ ቀረንፉል፣ በስዋሒሊ ካራፉ ይባላል፤ ቀረፋና ዝንጅብልም በዐረብኛ ቂርፋና ዘንጀቢል ናቸው። ስሞቹ ከዕቃው ጋር በመርከብና በግመል ተጉዘዋል። በካምፓላ ደግሞ የቅመም ሻይ ልማድ እንዲስፋፋ ያደረጉት ከሕንድ ክፍለ አህጉር የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 የኢዲ አሚን መንግሥት እስያውያንን ከአገር ባስወጣ ጊዜ ሱቆቻቸው በሌሎች እጅ ገቡ፤ የሻይ ቅመሙ ግን በኡጋንዳውያን ቤት ቀረ። እነሆ፣ ዛሬም በየሱቁ በፓኮ ይሸጣል።

መጠጡን ለመሥራት የመጀመሪያው ጉዳይ የፖም መረጣ ነው። መልኩ ያማረ ፖም የግድ አያስፈልግም። ትንንሽ ፍሬዎችና ልጣጫቸው የተጫጫረ ፖሞች በዝቅተኛ ዋጋ ስለሚገኙ ለዚህ ሥራ የተሻሉ ናቸው። ነገር ግን በተጫጫረና በበሰበሰ ፖም መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። በበሰበሰ ፖም ላይ የሚያድጉ አንዳንድ ሻጋታዎች ፓቱሊን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ በመቀቀል በቀላሉ አይጠፋም። ስለዚህ «እሳት ያነጻዋል» ብሎ የበሰበሰውን ድስት ውስጥ መክተት ስሕተት ነው፤ ሻጋታ የያዘው ፍሬ በሙሉ መጣል አለበት። እሳት የሚያነጻው ሌላውን ጠላት፣ ባክቴሪያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ሙቀት ያልነካው የፖም ጭማቂ ከጠጡት ሰዎች ከ60 በላይ የሚሆኑት በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ታመዋል፤ አንዲት ሕፃንም ሞታለች። ይህም የሚያስረዳው ማጠብና መቀቀል ከጣዕም በላይ ለጤና የሚያስፈልጉ መሆናቸውን ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ድስት ነው። ፖም ማሊክ የሚባል አሲድ አለው። አሲድ ለረጅም ጊዜ በአሉሚኒየም ድስት ሲፈላ ብረቱን ይነካዋል፤ መጠጡም የብረት ጣዕም ይይዛል። በዚህ ምክንያት የማይዝግ ብረት ወይም ውስጡ ያልተላጠ የኢናሜል ድስት ይመረጣል። በካምፓላ ብዙ ቤተሰብ የሚጠቀምበት ሲጊሪ የተባለው የከሰል ምድጃ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። ምግብ ከተሠራበት በኋላ የሚቀረው ረጋ ያለ ፍም መጠጡን በቀስታ ለማብሰል ይበቃል። ሆኖም የከሰል ጭስ በዝግ ቤት ውስጥ ስለሚገድል፣ ምድጃው ነፋስ በሚገባበት ስፍራ መቀመጥ ይኖርበታል።

ለአሥራ ሁለት ሰው የሚበቃ መጠጥ ለማዘጋጀት 2 ኪሎ ግራም ፖም፣ 3 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ጣት የሚያካክሉ 2 እንጨት ቀረፋ፣ 8 ፍሬ ቅርንፉድ፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብልና 1 ብርቱካን ያስፈልጋል። ኢትዮጵያውያን 2 ፍሬ ኮረሪማ ሰንጥቀው ቢጨምሩበት መዓዛው የአገር ቤት ይሆናል። የካምፓላ ሰዎች ደግሞ በአቅራቢያቸው በሙኮኖ ከሚበቅለው ቫኒላ ግማሽ ዘለላ ሊጨምሩ ይችላሉ። ከውጭ የሚመጣው ፖም ብዙ ጊዜ በስስ ሰም የተቀባ ስለሆነ፣ በመጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ እየታሸ ይታጠባል። ከዚያም እያንዳንዱ ፍሬ ከአራት ይከፈላል፤ ውስጡ ያሉት ዘሮች ይወጣሉ። ዘሮቹ ሲደቅቁ መጠጡን ያመርሩታል፤ በውስጣቸውም ሳያናይድ የሚያወጣ ንጥረ ነገር አለ። ልጣጩ ግን አይጣልም፤ ከፖሙ መዓዛና ቀለም ብዙው ያለው በልጣጩ ላይ ነውና።

የተከፈለው ፖም ከውኃው ጋር ድስት ውስጥ ይገባል። ቀረፋው፣ ቅርንፉዱና የተቀጠቀጠው ዝንጅብልም ይጨመራሉ። ቅመሞቹ እንደ ዱቄት ያልተፈጩ መሆን አለባቸው። የተፈጨ ቅመም መጠጡን ያደፈርሰዋል፤ በጉሮሮም ላይ ይሻክራል። ድስቱ አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳቱ ይቀነስና ተከድኖ ለ40 ደቂቃ በቀስታ ይበስላል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የቀረፋና የቅርንፉድ መዓዛ የሚገኘው በውስጣቸው ካለው በቀላሉ ከሚተን ዘይት ነው። ድስቱ ሳይከደን በኃይለኛ እሳት ቢንፈቀፈቅ ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ቤቱ ያውዳል፣ መጠጡ ግን ባዶ ይቀራል። የቅርንፉዱም ቁጥር መጠበቅ አለበት። ከቅርንፉድ የሚገኘው ዘይት የጥርስ ሐኪሞች ሕመም ለማደንዘዝ የሚገለገሉበት በመሆኑ፣ ከመጠን ሲያልፍ ምላስን ያደነዝዛል።

ከ40 ደቂቃ በኋላ የለሰለሰው ፖም በእንጨት ማንኪያ ይደፈጠጥና ለተጨማሪ 20 ደቂቃ ይበስላል። ብርቱካኑ ፍሬው ወጥቶለት በስሱ ተቆርጦ የሚገባው በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ነው። ከልጣጩ ሥር ያለው ነጭ ክፍል ብዙ ሲፈላ ይመርራልና። በመጨረሻም መጠጡ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ይጠለላል። ጠርቶ እንዲወርድ የሚፈልግ ሰው ጨርቁን አይጨምቀውም። በጨርቁ ላይ የሚቀረው የፖም ንፍሮ ቅመሙና ብርቱካኑ ተለቅሞለት ከዳቦ ወይም ከገንፎ ጋር ይበላል። ስለዚህ ከ2 ኪሎው ፖም የሚባክነው እጅግ ጥቂት ነው። ማጣፈጥ የሚገባው ከተቀመሰ በኋላ ነው። ፖሙ በራሱ ጣፋጭ ከሆነ ምንም አያስፈልገውም፤ ከኮመጠጠ ግን ከእሳት ሲወርድ 3 ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ ማር ይበቃዋል። ማር የገባበትን መጠጥ ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን መስጠት አይፈቀድም። ዕድሜው ከፍ ላለ ልጅም ሲቀርብ አፉን እንዳያቃጥለው ለብ ማለቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ፖም ውድ በሆነበት ጊዜ ግማሹን በአናናስ መተካት ይቻላል። አናናስ በኡጋንዳ በብዛት የሚመረት ፍሬ ሲሆን ከዝንጅብል ጋር በጣም ይስማማል። የታሸገ ንጹሕ የፖም ጭማቂ ያለውም ሰው 2 ሊትሩን ውኃና ስኳር ሳይጨምር ከቅመሙ ጋር ለ30 ደቂቃ በለስላሳ እሳት ቢያሞቀው ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል።

ከበዓሉ የተረፈው መጠጥ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። በማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል። በካምፓላ ሙቀት በውጭ ቢያድር ግን በአየር ውስጥ ያለው እርሾ ገብቶ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጥ ይጀምራል። በጠርሙስ ተጠቅጥቆ ከተከደነም ጋዙ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ይህ ለውጥ የሕያዋን ጥቃቅን ፍጥረታት ሥራ መሆኑን በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አስረድቷል። ኦሙቢሲ ወደ ቶንቶ፣ ብርዝም ወደ ጠጅ የሚለወጡት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ትናንት ለሕፃን የተሰጠው መጠጥ ከሁለት ቀን በኋላ ለሕፃን የማይገባ ሊሆን ይችላል።

በበዓል ቀን አልኮል የሌለበት መጠጥ ማዘጋጀት ቀላል ጉዳይ እንዳልሆነ የካባሌ ታሪክ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ፖም በሚበቅልበት በዚያው በካባሌ አውራጃ፣ ሜታኖል የተቀላቀለበት ዋራጊ የተባለ አረቄ የጠጡ 80 ያህል ሰዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞተዋል። ሜታኖል ዓይን የሚያጠፋና የሚገድል መርዝ ሲሆን፣ ጠጪው በመልኩም ሆነ በጣዕሙ ከተለመደው አልኮል ሊለየው አይችልም። የኡጋንዳ መንግሥትም በትንንሽ የላስቲክ ከረጢት የሚሸጠውን አረቄ እ.ኤ.አ. በ2019 ከልክሏል። ነገር ግን ክልከላ ብቻውን ማዕድን አይሞላም። እንግዳ ተቀባይ የሆነ ሕዝብ አንዱን መጠጥ ሲተው በምትኩ በክብር የሚያቀርበው ሌላ መጠጥ ያስፈልገዋል።

የትኩስ ፖም መጠጥ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ፍሬው ከካባሌ ወይም ከባሕር ማዶ፣ ቅርንፉዱ ከዛንዚባር፣ ዝንጅብሉ ከአካባቢው፣ ኮረሪማው ከኢትዮጵያ ሊመጣ ይችላል። በድስቱ ዙሪያ የሚሰበሰቡትም እንዲሁ ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው። ጿሚው ጾሙን ሳያፈርስ፣ ሙስሊሙ እምነቱን ሳይጥስ፣ አያት ከልጅ ልጁ ጋር ከአንድ ድስት ይቀዳላቸዋል። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ታኅሣሥ 29 ቀን የኢትዮጵያውያን ገና ሲደርስም፣ ብድር መላሽዋ ጎረቤት ያንኑ መጠጥ አፍልታ የዲሴምበሯን አስተናጋጅ በተራዋ ልትጋብዛት ትችላለች።